የድሬዳዋ ፀሐይና የቪዲዮ ምስል ወሰን

ድሬዳዋን በካሜራ ለመቅረጽ የተነሣ ባለሙያ ከሁሉ አስቀድሞ የሚገጥመው ፀሐይዋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ሲደርስ የተቆረቆረችው ይህች ከተማ ቀትር ላይ ሁለት ከተማ ትመስላለች። በአንድ በኩል በፈዘዘ ቀለም የተቀባው የከዚራ ግንብ ዓይን እስኪያጥበረብር ይነጣል፤ በሌላ በኩል በዛፎቹ ሥር፣ በየበረንዳውና በቀፊራ ገበያ ዳስ ውስጥ ያለው ጥላ እንደ ጉድጓድ ይጠቁራል። የሰው ዓይን ሁለቱንም በአንድነት ያስተናግዳል። የቪዲዮ መሣሪያ ግን ብርሃንን የሚይዘው በተቆጠሩ ደረጃዎች ብቻ ነው።

ስለ ከተማይቱ በሚሠሩ የሠርግ፣ የሙዚቃና የዘገባ ቪዲዮዎች ላይ ዘወትር የሚነሡት ወቀሳዎች ሁለት ናቸው። አንዳንዱ ምስል አመድ የተነፋበት ይመስል ጥቁሩ ግራጫ፣ ነጩም ደብዛዛ ሆኖ ይታያል። በሌላው ደግሞ ጥላው ሁሉ ከሰል ሆኖ፣ የሙሽራይቱም ቬሎ ጥልፉ ጠፍቶ ባዶ ወረቀት ይመስላል። ሃያሲውም ሆነ ተመልካቹ ፍርዱን የሚሰጠው በካሜራማኑ ላይ ነው። ይባስ ብሎም አልፎ አልፎ ግራጫው ምስል የአሠራር ስልት ተብሎ ይመሰገናል። ጉድለቱ ከቀረጻ በኋላ፣ ምስሉ ታምቆ ወደ ፋይል በሚለወጥበት ጠረጴዛ ላይ ሊፈጠር እንደሚችል የሚጠረጥር ግን ጥቂት ነው።

በተለመደው ባለ ስምንት ቢት ቪዲዮ የብርሃን መጠን ከ0 እስከ 255 ባሉ 256 ደረጃዎች ይጻፋል። ኮምፒውተር 0ን ጥቁር፣ 255ን ነጭ አድርጎ ይወስዳል፤ ይህ ሙሉ ወሰን ነው። ቴሌቪዥን ግን ሌላ ልማድ አለው። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣውና 601 የሚል ቁጥር የተሰጠው ዓለም አቀፍ የስቱዲዮ ደንብ ጥቁርን 16 ላይ፣ ነጭን 235 ላይ አኖረ። ከታችና ከላይ የተተወው ቦታ ምልክቱ ከልኩ ጥቂት ሲዘል እንዳይቆረጥ የታሰበ መጠባበቂያ ሲሆን፣ 0 እና 255 ለማመሳሰያ ምልክት ተጠበቁ። ይህም ጠባብ ወሰን ይባላል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በቀለም ማሠራጨት የጀመረው ደንቡ በወጣ በሁለት ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ሥርጭቱ አናሎግ ስለ ነበረ ጉዳዩ ገና ወደ ሠርግ ቤት አልገባም።

ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር ሒሳቡ ቀላል ነው። ከጠባቡ ወደ ሙሉው ሲኬድ 16 ይቀነስና ቀሪው በ255 ተባዝቶ ለ219 ይካፈላል፤ ሲመለስ ግልባጩ ይሠራል። ችግሩ የሚመጣው የትኛው ቅጂ እንደ ተሻገረ፣ የትኛው እንዳልተሻገረ ሳይታወቅ ሲቀር ነው። ጠባቡ ሳይዘረጋ እንደ ሙሉ ከታየ 16 ላይ የነበረው ጥቁር ግራጫ ይሆናል፤ አመዱ ይህ ነው። ማጥበቡ ሁለት ጊዜ ከተደረገማ ጥቁሩ ወደ 30 ይወጣል፣ ነጩም ወደ 218 ይወርዳል። በተቃራኒው ሙሉው ጠባብ ነው ተብሎ ከተዘረጋ ከ16 በታች ያለው ጥላ ሁሉ አንድ ጥቁር፣ ከ235 በላይ ያለውም ብርሃን ሁሉ አንድ ነጭ ይሆናል። የመጀመሪያው ስሕተት በአብዛኛው ይታረማል። ሁለተኛው በዚያው መልክ ታምቆ ከተቀመጠ አይመለስም፤ የቬሎው ጥልፍ በፋይሉ ውስጥ የለምና።

ጉዳቱ ይበልጥ የሚበረታው በፊት ላይ ነው። ጠይም ወይም ጥቁር ፊት በቀትር ጥላ ውስጥ ሲቀረጽ የጉንጩ፣ የዓይኑ ሥርና የጠጉሩ ዝርዝር የሚኖረው በታችኞቹ ደረጃዎች ነው። 40 ላይ የነበረ ጉንጭ በስሕተት ሲዘረጋ ወደ 28 ይወርዳል፤ 20 ላይ የነበረ ጠጉር 5 ይሆናል። የፎቶግራፍ ፋብሪካዎች የቀለም ማመሳከሪያ ካርዳቸውን ለረጅም ዘመን በነጭ ሴቶች ፊት ላይ መመሥረታቸው በሰፊው ተነቅፏል። እዚህ ግን ጥፋቱ የሩቅ ፋብሪካ ሳይሆን የገዛ ጠረጴዛ ነው።

ለዚህ ጥሩ መፈተኛ የሚሆነው ከጎረቤት ከሐረር የተገኘው «ፋያ ዳዪ» ነው። ጄሲካ በሽር ያዘጋጀችውና ራሷም የቀረጸችው ይህ ስለ ጫት የሚናገር ዘጋቢ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2021 በሰንዳንስ ፌስቲቫል ቀርቧል። ፊልሙ በጥቁርና ነጭ የተሠራ በመሆኑ ምስሉ የቆመው በብርሃኑ እርከን ላይ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ወሰኑ በተምታታ መሣሪያ ቢታይ ጭሱ ከግድግዳው ይቀላቀላል፣ ወይም ጨለማው ሰውን ይውጣል፤ የሚጻፈውም ሂስ አዘጋጇ ስላልሠራችው ሌላ ፊልም ይሆናል።

በፋይሉ ውስጥ ወሰኑን የሚናገር መለያ አለ፤ ኤች 264 በተሰኘው የማመቂያ ደንብ ይህ መለያ አንዲት ቢት ናት። ይሁን እንጂ መለያውን መለወጥና ቁጥሮቹን መለወጥ ለየቅል ናቸው፤ የጠርሙሱን ወረቀት መቀየር ዘይቱን አይቀይርም። አንዳንድ የእጅ ስልክ በሙሉ ወሰን ሲቀርጽ ሌላው ካሜራ በጠባቡ ይቀርጻል፤ ሁለቱ በአንድ ሠርግ ቅንብር ሲገናኙ ኤዲተሩ እያንዳንዱን በሞገድ ማሳያ ሊመለከተው ይገባል፤ ዓይን ቶሎ ስለሚለምድ አይታመንም። አንዳንድ ጊዜም ፋይሉ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ቴሌቪዥኑና ማጫወቻው በወሰን አይስማሙም፤ ደንበኛው ግን የሚከስሰው ፎቶ ቤቱን ነው።

ከሠርጉ ይልቅ የሚያሳስበው የማኅደሩ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሕይወታቸው አልፏል። በዚያ ዘመን በዲቪ ካሴት የተቀረጸ ምስል የሚጻፈው በጠባቡ ወሰን ነበር። እንዲህ ያለ ካሴት ወደ ፋይል ሲገለበጥ ዝርጋታው በስሕተት ሁለት ጊዜ ከተደረገ ከ30 በታች ያለው ጥላ ሁሉ ይጠፋል፤ በጎሕ ጊዜ ጭቃው ዳር የቆመ ሰው ፊት ያለውም በዚያው ውስጥ ነው። ካሴቱ ከተጣለ በኋላ ይህን የሚያርም የለም። ሌንሱ እንደ ተከደነ የተቀረጸ ጥቂት ሰከንድ በካሴቱ መጀመሪያ ላይ ከተገኘ ማረጋገጡ ቀላል ነው። ያ ጥቁር በተገለበጠው ጠባብ ፋይል 16 አካባቢ ከተነበበ ሥራው ይቀጥላል፤ 0 ወይም 30 ላይ ከተነበበ ካሴቱ ወደ ማጫወቻው ይመለሳል።