የሥነ ልሳን የንባብ ዝርዝርና የሴት ምሁራን ስም

ስለ አማርኛ ሰዋስው የሚነበቡ መጻሕፍት ዝርዝር ሲዘጋጅ የይፋግ ተወላጅ የሆኑትን አለቃ ታዬ ገብረ ማርያምን ማስቀደም ተገቢ ነው። መጽሐፈ ሰዋስውን ያዘጋጁት፣ እ.ኤ.አ. ከ1905 እስከ 1908 በበርሊን አማርኛ ያስተማሩት እኒህ ሊቅ ለደቡብ ጎንደር መምህራን ኩራት ናቸው። ከእርሳቸው ቀጥሎ ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ፣ ማርሴል ኮኸን፣ ቮልፍ ሌስላውና ባዬ ይማም ይጠቀሳሉ። ከእነዚህ አንዱም ሊቀር አይገባም። ዝርዝሩ በዚሁ ካበቃ ግን ሠልጣኟ ቋንቋን የሚተነትን ወንድ ብቻ ነው የሚለውን ትምህርት ማንም ሳይነግራት ትቀስማለች።

የተለመደው ማሻሻያ የሴቶችን ሥራ «ተጨማሪ ንባብ» በሚል ርእስ ከመጨረሻ ላይ ማስፈር ነው። ይህ ጉድለቱን ይሸፍነዋል እንጂ አያርመውም፤ ተጨማሪ የተባለው ለፈተና ስለማይፈለግ አይነበብምና። ለሥራው ቦታ የሚሰጠው የትምህርቱ ይዘት መሆን አለበት። በአማርኛ ግስና ዐረፍተ ነገር ወደ ስምነት ስለሚለወጡበት መንገድ ሲሰጥ፣ የኦልጋ ካፔልዩክ የ1988 (እ.ኤ.አ.) መጽሐፍ ዋና ንባብ ነው። የኦሞቲክ ቋንቋዎች ሲነሡም አዜብ አምሃ እ.ኤ.አ. በ2001 ስለ ማሌ፣ ሂሩት ወልደ ማርያም ደግሞ ስለ ሃሮ ቋንቋ ያቀረቧቸው ጥናቶች በውለታ ሳይሆን በይዘታቸው ይገባሉ። መጻሕፍቱ በእንግሊዝኛ የተጻፉ በመሆናቸው መምህሩ አጭር የአማርኛ መግለጫ ቢያዘጋጅላቸው ይበልጥ ይጠቅማሉ።

ሁለተኛው ጉድለት በአጻጻፍ ልማድ የሚመጣ ነው። የኢትዮጵያ ስም የቤተ ሰብ ስም የለውም። በውጭ አገር ሥርዐት «ወልደ ማርያም፣ ሂ.» ወይም «አምሃ፣ አ.» ተብሎ ሲጻፍ ግን የአባት ስም ይቀድምና ደራሲዋ ወንድ ትመስላለች። ስለዚህ ሴት ምሁር በዝርዝሩ ውስጥ እያለች እንኳ አትታይም። የራስን ስም አስቀድሞ በሙሉ መጻፍ ለአገሩ ልማድም ለእውነትም የቀረበ ነው፤ ወጪም አይጠይቅም።

ሦስተኛው ከሁሉ የከበደ ነው። ሴት በሙሾ አውራጅነት፣ በተረት ነጋሪነት ወይም በእሹሩሩ ዜማ የቋንቋ ማስረጃ ሰጪ ሆና ትቀርባለች፤ ማስረጃውን የሚመረምረው ሌላ ነው። ይሁንና በጎጃም ቅኔ ያስተማሩት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ምስክር እንደሚሆኑት፣ የቋንቋን ረቂቅ ምሥጢር መርምሮ ማስተማር ለሴት እንግዳ ነገር አይደለም።

ዛሬ በማሠልጠኛ ውስጥ ያለችው ሴት ነገ በይፋግም ሆነ በሌላ ትምህርት ቤት ሰዋስው ታስተምራለች። የሴት ስም ያላየችበት ዝርዝር ለተማሪዎቿም በዚያው መልኩ ይተላለፋል። ሥርዐተ ትምህርት አዘጋጆች ስለዚህ ሴቶች ስንት ናቸው ብለው ከመቁጠር አልፈው፣ በየትኛው ትምህርት ላይ፣ በምን ስምና በምን ማዕርግ ተቀመጡ ብለው ሊመረምሩ ይገባል።