የካልሲዋ ቀጭኔና ባለ ልዩ ኃይል ልጃገረዶች

«የልጆች ፊልም ደግሞ ምን ሂስ ያስፈልገዋል?» የሚሉን ጓደኞች አሉ። ያስፈልገዋል እንላለን። እኛ ሰቆጣ ነው ያደግነው፤ ቤት ኽምጣና፣ ውጭ አማርኛ እየሰማን። ቴሌቪዥን ፊት ስንቀመጥ ከቃሉ ቀድሞ የሚገባን ሥዕሉ ነበር። ስለዚህ የልጆች ፊልም አዘጋጅን የምንመዝነው በትምህርቱ ይዘት ብቻ ሳይሆን በሚያሳየውም ነው።

ወይዘሮ ብሩክታዊት ጥጋቡ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2005 ከባለቤታቸው ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕን አቋቋሙ፤ በቀጣዩ ዓመት «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መታየት ጀመረ። ፀሐይ ከካልሲ የተሠራች ቀጭኔ ናት፤ ድምፅዋም የራሳቸው የአዘጋጅዋ ነው። ዝግጅቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓን ድረስ ሄዶ ተሸለመ።

ታዲያ የዚህች ካልሲ ኃይል ምኑ ላይ ነው? ፀሐይ አታውቅም፤ ትጠይቃለች። አንገትዋን አስግጋ ስትጠይቅ፣ ቋንቋው ያልገባው ልጅ እንኳ መጠየቅ ነውር አለመሆኑን ያያል። ቅርፁ ራሱ ትምህርት ሆነ ማለት ነው።

ከዐሥር ዓመት ገደማ በኋላ «ጥበብ ገርልስ» የተባለው የካርቱን ተከታታይ መጣ። ፍቅር፣ ፍትሕና ትዕግሥት የተባሉ ሦስት ልጃገረዶች በልዩ ኃይላቸው ያለ ዕድሜ ጋብቻንና ሌሎች ጎጂ ልማዶችን ይታገላሉ። በሹክሹክታ የሚወራውን የወር አበባን ጉዳይ አደባባይ ማውጣቱን ከልብ እናደንቃለን። ሥዕሉም ከካልሲው ዘመን ብዙ ርቆ ሄዷል።

ግን አንድ ቅሬታ አለን። አብረውን ከተማሩት ሴቶች መካከል ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ የተዳሩ ነበሩ። አንድ ቀን ወንበራቸው ባዶ ሆነ፤ በቃ። ከሰማይ የወረደ ኃይል አልደረሰላቸውም። የአንድዋ ሠርግ የቀረው አያትዋ «ለምን ተቻኮላችሁ?» ብለው ቤተሰቡን ደጋግመው ስለ ጠየቁ ነው። ልዩ ኃይል ችግሩን በደቂቃ ሲፈታው፣ ተመልካችዋ ልጅ ታጨበጭባለች እንጂ ነገ ለአባትዋ ምን ብላ እንደምትናገር አትማርም።

ስለዚህ ፍርዳችን ይሄ ነው፦ በሥዕል ጥራት ልጃገረዶቹ ይበልጣሉ፤ በእውነት ግን ካልሲዋ ትበልጣለች። አዘጋጅዋ ሁለቱን ቢያገናኙ፣ ማለትም ኃይል ያላትን ልጅ እንደ ፀሐይ ቢያስጠይቁ፣ ሰቆጣ ያለችው እኅታችን የራስዋን ጥያቄ ታገኝ ነበር።

የማትስማሙ ካላችሁ ጻፉልን፤ በሚቀጥለው እትም እንከራከራለን።