በጎፉ ዳር የተጻፈ «ገነት»

ከሞያሌ በአስፋልቱ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የማርሳቢትን ብሔራዊ ፓርክ ሊጎበኝ ያሰበ ሰው፣ አሜሪካዊቷ ኦሳ ጆንሰን በእንግሊዝኛ የጻፈችውን «አራት ዓመት በገነት» (እ.ኤ.አ. 1941) ቢያነብ አይከስርም። ደራሲዋ ከባለቤቷ ከማርቲን ጋር ከ1924 እስከ 1927 በጥንታዊው እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ በተኛው ሐይቅ ዳር ሰፍራ የዱር አራዊትን በፊልም ቀርጻለች፤ አድናቆቷም ከልብ ነው።

ጉድለቱ ከስያሜው ይጀምራል። ሐይቁን «ገነት» ማለት ከእነርሱ በፊት ሰው ያልደረሰበት ያስመስለዋል። ቦረናዎች ግን እንዲህ ያለውን የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ «ጎፍ» ብለው ያውቁታል።

እንግዲህ ተጓዡ ዝሆኖች ወደ ውኃ የሚሰበሰቡበትን ደረቅ ወር ይምረጥ፤ ድርቅ ሲበረታ ሐይቁ ራሱ እንደሚሸሽም አይዘንጋ። መጽሐፉ ዓይን ይሰጣል፤ መንገዱንና ወቅቱን የሚያውቀው ግን የአገሩ ሰው ነው።