ከአንበሳው ውስጥ ሰውየው ሲወጣ

በእጅ ተሥለው የወጡ የድሮ የቤተሰብ ፊልሞችን በ«እውነተኛ» ምስል እንደገና መሥራት ለዲዝኒ ኩባንያ ቋሚ ሥራ ከሆነ ሰነባብቷል። ዝርዝሩ ረጅም ነው። እኔ ግን እዚህ የምይዘው አንዱን፣ በ1994 ወጥቶ በ2019 እንደገና የተሠራውን «ላየን ኪንግ»ን ነው (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዘመኖቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ምክንያቴ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የአራዊት ታሪክ ስለሆነ፤ የአራዊት ታሪክ ደግሞ ለምዕራብ ሸዋ ልጅ እንግዳ ነገር አይደለም። ሁለተኛ፣ በየዶርሙ ስለዚህ ፊልም የምሰማው ክርክር ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ስለሚቆም፦ «ጸጉሩን አየኸው? አንድ በአንድ ይቆጠራል እኮ!»

አዎን፣ ይቆጠራል። ታዲያስ?

መጀመሪያ አንድ ነገር ላይ እንግባባ። በ2019ኙ ፊልም ውስጥ አንድም አንበሳ የለም። ካሜራ ፊት የቆመ ጅብም፣ ከርከሮም፣ ዝንጀሮም የለም። ሁሉም በኮምፒዩተር የተሠራ ነው። ዳይሬክተሩ ጆን ፋቭሮ ራሱ እንደተናገረው፣ በፊልሙ ውስጥ በእውነተኛ ካሜራ የተነሣ ምስል አንድ ብቻ ነው፤ እሱም መጀመሪያ ላይ የምናየው የፀሐይ መውጣት ነው። ስለዚህ «የድሮው ሥዕል ነው፣ አዲሱ እውነት ነው» የሚባለው ነገር ከሥሩ የተሳሳተ ነው። ሁለቱም ሥዕል ናቸው። ልዩነታቸው፣ አንዱ ሥዕል መሆኑን ያምናል፣ ሌላው ይክዳል።

የክህደቱ ዋጋ የሚከፈለው ፊት ላይ ነው። ሮጀር አለርስና ሮብ ሚንኮፍ በመሩት የ1994ቱ ፊልም ውስጥ ስካር የሚባለው የንጉሡ ወንድም ቅንድብ አለው። አንበሳ ቅንድብ የለውም፤ ሠዓሊው ግን ሰጠው። ቅንድቡን አንሥቶ፣ ዐይኑን በግማሽ ጨፍኖ፣ መዳፉን እንደ ሰነፍ መስፍን እያወዛወዘ ሲናገር ሳናስበው «ይህን ሰውዬ የት ነው የማውቀው?» እንላለን። ከዘመድ መካከል አለ፤ ቀበሌ ውስጥ አለ፤ ዩኒቨርሲቲም ውስጥ አይጠፋም። የ2019ኙ ስካር ግን የከሳ አንበሳ ነው። በቃ። ክፋቱን የምናውቀው ከተንጨፈረረ ጸጉሩ ነው እንጂ ከሚያስበው ነገር አይደለም።

ንጉሡን ሙፋሳን በሁለቱም ፊልሞች ላይ በድምፅ የተጫወተው ጄምስ ኧርል ጆንስ ነው። ያው ሰው፣ ያው የነጎድጓድ ድምፅ፣ ንግግሩም አብዛኛው ያው። በመጀመሪያው ፊልም ድምፁ ከአንበሳው ደረት ይወጣል። በሁለተኛው፣ አንበሳው ጀርባ የተደበቀ ሬዲዮ የሚናገር ይመስላል፤ ፊቱ ከድምፁ ጋር አያዝንም፣ አይቆጣማ። ትንሹ ሲምባ የአባቱን ሬሳ የሚያገኝበትን ቦታ በአዲሱ ፊልም ላይ ድምፁን አጥፍታችሁ ተመልከቱት። የምታዩት አንድ የደነገጠ የድመት ግልገል ነው። አንበሳ እንደ ሰው አያለቅስም፤ አዲሱ ፊልም ደግሞ ታማኝነቱ ለአንበሳ ነው።

ክፍት ያደረ የአምቦ ውሃ ጠጥታችሁ ታውቁ እንደሆነ ነገሩ ይገባችኋል። ማዕድኑ አልጎደለም፣ ጠርሙሱም ያው ነው። የሄደው ያ ምላስ የሚነክሰው ነገር ብቻ ነው።

አንድ ቦታ ላይ ግን ልመስክርለት። ከሲምባ ጎፈር የተነቀለች ትንሽ ጸጉር በነፋስና በውሃ ተወስዳ፣ በቀጭኔ ሆድ አልፋ፣ ፋንድያ የሚያንከባልል ጥንዚዛ እጅ ገብታ፣ በስተመጨረሻ ሽማግሌው ዝንጀሮ ዘንድ የምትደርስበት ረጅም ቦታ አለ። ያማረ ነው። የሚያምረውም እዚያ ላይ የማንም ፊት ስለማያስፈልግ ነው።

ዘፈኖቹን በአጭሩ ልለፋቸው። ትንሹ ሲምባ ንጉሥ ለመሆን መቸኮሉን በሚዘፍንበት ቦታ የድሮው ፊልም ቀለሙ ሁሉ ያብዳል፤ አራዊቱ አንዱ ባንዱ ላይ ወጥተው ማማ ይሠራሉ። የምናየው ሜዳውን ሳይሆን የልጁን ጭንቅላት ውስጥ ነዋ። በአዲሱ ላይ ግልገሎቹ ውሃ ዳር በቆሙ እንስሳት መካከል ይሮጣሉ። ይሮጣሉ፣ ይሮጣሉ፣ ያልቃል። የፍቅሩ ዘፈን ደግሞ ስለ ምሽት የተጻፈ ነው፤ አዲሱ ፊልም በቀን ብርሃን ያዘፍነዋል! ይህን ያስተዋለ ሰው ስቱዲዮው ውስጥ አልነበረም እንዴ?

ዝም ብዬ የማላልፈው የጅቦቹን ሰልፍ ነው። በ1994ቱ ፊልም ስካር ወንድሙን ለማስወገድ ሲያሤር ጅቦቹን በዘፈን ይሰብካቸዋል፤ ከእንግዲህ እንደማይራቡ ቃል ይገባላቸዋል። ዘፈኑ ሲጋጋል ጅቦቹ ተሰልፈው፣ እግራቸውን እኩል እያነሡ፣ ከፍ ካለ ድንጋይ ላይ በቆመው አንበሳ ሥር ያልፋሉ። ሥዕሉ የናዚ ጀርመንን የሰልፍ ፊልሞች ተከትሎ የተሠራ ነው። ሂትለርን የማያውቅ ልጅ እንኳ ከሰገነት ላይ ሆኖ ሰልፍ የሚመለከት ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ እዚያ ላይ ይገባዋል፤ እኛ አገር ደግሞ ሰገነትና ሰልፍ ምን እንደነበረ አባቶቻችንን መጠየቅ ይበቃል። የተራበን በጥጋብ ተስፋ አሰልፎ ሥልጣን ላይ የሚወጣ ሰው ታሪክ፣ በጥቂት ደቂቃ፣ ለልጆች! በ2019 ይህ ዘፈን አጠረ፤ ግማሹም ንግግር ሆነ፤ ያ ሰልፍም ቀረ። ለምን? እውነተኛ ጅብ እግሩን እኩል አንሥቶ አይሰለፍማ። በክፍል «ቅርጽ»ና «ይዘት» እያልን የምንነጣጥላቸው ነገሮች እዚህ ላይ እንደማይነጣጠሉ ልብ በሉ። ቅርጹን ወደ «እውነት» ሲያስጠጉት ይዘቱ ሳይነገረው ወጥቶ ሄደ።

ጅብ ለእኛ የፊልም እንስሳ አይደለም። ከአምቦ እስከ ጉደር፣ ከጊንጪ እስከ ጌዶ፣ ሌሊት ድምፁን ያልሰማ ማን አለ? አያቶቻችን እሳት ዳር ተቀምጠው «ኦዱ ዱሪ» የሚባለውን የጥንት ወሬ ሲያወሩልን ይህ ድምፅ ከውጭ እየተሰማ ነው። ሆኖም ከውጭ የሚጮኸው ወራቤሳና ተረቱ ውስጥ ያለው ወራቤሳ ለየቅል መሆናቸውን የአራት ዓመት ልጅ ያውቃል። የውጭው ሥጋ ይበላል፤ የተረቱ ግን ሥጋ እንዲያካፍል ይታዘዛል። አንበሳ፣ ጅብና ቀበሮ አደን የወጡበትን ተረት በአማርኛም በኦሮምኛም ሰምተነዋል። ጅቡ ለሦስት እኩል ያካፍልና አንበሳው በጥፊ ያጋድመዋል። ቀበሮዋ ሁሉንም ለአንበሳው ትሰጣለች። «ይህን የመሰለ ፍርድ ማን አስተማረሽ?» ሲላት የጅቡን ፊት ታሳያለች። ይህን የሰማ ገበሬ ስለ አራዊት አመጋገብ ተምሮ አይነሣም። አንበሳው ማን እንደሆነ፣ ጥፊ የቀመሰውም ማን እንደሆነ ያውቃል፤ ደፍሮ ከሆነም ስም ይጠራልሃል። ተረት የሚነክሰው አንበሳውንና ሰውየውን በአንድ ጊዜ ስለምናይ ነው። ሰውየውን ካወጣኸው የሚቀርህ የዱር እንስሳት ዶክመንተሪ ነው።

የአማርኛ ቲያትር የተጀመረውስ በምን ሆነና! ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሩሲያ ተምረው ከመጡ በኋላ «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ»ን የላፎንቴንን ተረቶች መነሻ አድርገው ጻፉ፤ አዲስ አበባም ላይ ታየ። የመጀመሪያው የአማርኛ ቲያትር ነው የሚባለው እሱ ነው። ይህ እንግዲህ የወረቀት አውሬዎችን በሕያው ተዋናይ እንደገና መሥራት አይደለም ትላላችሁ? ዲዝኒ አሁን አዲስ ነገር አስመስሎ የያዘውን ሥራ አዲስ አበባ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ሠርታዋለች። ግን መድረኩ ላይ አውሬ ተብሎ የቆመው ሰው ነበር። በአውሬው ስም ሥር የሰው እጅ፣ የሰው አማርኛ ነበረ። ስለ አስተዳደር ብልሹነት የሚያወራውን ይህን ጨዋታ ተቀምጠው ያዩት መኳንንት ነገሩ ስለ ማን እንደሆነ ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። የ2019ኙን ላየን ኪንግ ለማገድ የሚነሣ ንጉሥ ግን በምድር ላይ ይኖራል ብዬ አላስብም።

ወደ ሰፈራችን እንምጣ። ቦዳ የተወለደው ጸጋዬ ገብረ መድኅን አምቦ ተማሪ ቤት ሳለ «ንጉሥ ዲዮኒስዮስና ሁለቱ ወንድማማቾች» የሚል ቲያትር ጽፎ፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ ባሉበት ታይቷል። ዲዮኒስዮስ የጥንቷ ሲራኩስ ጨቋኝ ገዥ ስም ነው። እስቲ አስቡት፤ አንድ ተማሪ በንጉሥ ፊት ንጉሥ ሲያቆም! የአምቦ ልጅ የግሪክ ንጉሥ ሆኖ ሲቆም ጸጉሩ ግሪካዊ ባይሆን የሚጎድል ነገር የለም። እንዲያውም ግሪካዊ አለመምሰሉ ነው ነገሩን ወደ ተመልካቹ የሚያመጣው።

ኋላም ጸጋዬ ኦቴሎን፣ ሐምሌትንና ማክቤትን ወደ አማርኛ መልሷል። ሐምሌትን ያነሣሁት በከንቱ አይደለም። ላየን ኪንግ ብዙ የተዋሰው ከዚያ ነው፤ ንጉሡን ወንድሙ ይገድላል፣ ዙፋኑን ይወስዳል፣ የሟቹ መንፈስ ለልጁ ይገለጣል። ሼክስፒርም ራሱ ከድሮ የዴንማርክ ታሪክ ነው ያነሣው። ስለዚህ እንደገና መሥራት ኃጢአት ነው የሚል አሳብ የለኝም፤ ኪነ ጥበብ ሲሠራ የኖረው እንዲያ ነው። ነገር ግን ጸጋዬ ሐምሌትን ሲመልስ ለዴንማርክ ድንጋይ ታማኝ ለመሆን አልተጨነቀም። ሐምሌት በአማርኛ እንዲቆስል አደረገ። የ2019ኞቹ ሰዎች የተጨነቁት ለድንጋዩ ነው። የሙፋሳ መንፈስ እንኳ በድሮው ፊልም በደመናው ላይ ፊቱ ወለል ብሎ ይታይ ነበር፤ በአዲሱ ደመና፣ መብረቅና ድምፅ ነው የሚቀርብልን። ለእውነት ሲባል መንፈስም ፊት ተከለከለ! የአየር ጠባይ ትንበያ እንጂ የአባት መገለጥ አይመስልም።

ይኸው ፋቭሮ በ2016 የሠራውን «ጃንግል ቡክ»ን የተሻለ ነው የምለውም በዚሁ ምክንያት ነው። እዚያም አራዊቱ በኮምፒዩተር የተሠሩ ናቸው፤ ነገር ግን መካከላቸው ኒል ሴቲ የሚባል እውነተኛ ልጅ አለ። ከአራዊቱ ፊት የጠፋውን እሱ ፊት ላይ እናገኘዋለን። ላየን ኪንግ ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ የለም። የነበረው ሰው ሥዕሉ ውስጥ ነበር፤ እሱን አስወጡት።

«ገንዘቡስ?» የሚሉኝ አሉ። ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ከ1.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። በ1994 ልጅ የነበረ በ2019 ወላጅ ሆኗል፤ ልጁን ይዞ ይገባል፤ የሚከፍለው ግን ለራሱ ልጅነት ነው። ስሌቱ ሁልጊዜ አይሠራም፤ በ2025 «ስኖው ዋይት» ሲከስር በዚያው ዓመት «ሊሎ ኤንድ ስቲች» ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። ይህ የነጋዴዎች ጉዳይ ስለሆነ እዚህ ልተወው።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ለሆሊውድ ተቆርቁሬ አይደለም። በመካከላችን ኮምፒዩተር ላይ ሲያፈጡ የሚያድሩ፣ የኛን ተረቶች ፊልም ለማድረግ የሚመኙ ልጆች አሉ። የሚገርመኝ፣ የሠሩትን ሲያሳዩኝ ቀድመው የሚያሳዩኝ የጅቡን ጸጉር መሆኑ ነው! አባባ ተስፋዬ ሣህሉ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አርባ ዓመት ያህል ለልጆች ተረት ሲነግሩ ጅብ ስቱዲዮ አላስገቡም። ጅቡ እሳቸው ፊትና ድምፅ ላይ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ዓ.ም. ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን ሲጀምሩ ፀሐይ ቀጭኔ ናት፤ ቀጭኔዋ ደግሞ እጅ የገባበት ጨርቅ ናት። ጨርቅ መሆኗን ያላወቀ ልጅ የለም፤ እሷ ስትማር አብሮ ያልተማረም ጥቂት ነው። ጓደኞቼ ጸጉሩን ከመቁጠራቸው በፊት ጅቡ ማንን እንደሚመስል ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል፤ ለእኔ መንገር ቢያስፈራቸው እንኳ ለራሳቸው።

በ2024 ባሪ ጄንኪንስ «ሙፋሳ»ን ይዞ መጥቷል፤ ከላየን ኪንግ በፊት የነበረውን የወንድማማቾቹን ታሪክ የሚናገር ነው። ስለ ታሪኩ ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን። ፊታቸውን ግን ተመልከቱት፤ ከ2019ኙ ለቀቅ ብሏል። ዐይን መሳቅ ጀምሯል፣ የአፍ ጥግ ይንቀሳቀሳል። የነዚያን የ1994 ሠዓሊዎች እርሳስ ቀስ በቀስ እየመለሱት ነው። ቅንድብ ብቻ ገና አልሰጧቸውም።