ውኃው ይመሰክራል

ጂያውዚ ስጋበዝ ዓይኔ ከሳህኑ ቀድሞ ድስቱን ይፈልጋል። የተቀቀለበት ውኃ በዱቄቱ ትንሽ ቢነጣ አያስወቅስም። የዘይት ጠብታና የጎመን ቁራጭ ከተንሳፈፈበት ግን አንዱ ተከፍቷል፤ ጣዕሙም ለውኃው ተሰጥቷል። ይህን የተማርኩት በሰሜን ቻይናዋ ቲያንጂን ከተማ ተማሪ ሳለሁ ነው፤ የቻይና አዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ከአንድ ቤተሰብ ጋር ቁጭ ብዬ ስጠቀልል።

ጂያውዚ በስስ የስንዴ ሊጥ ውስጥ የተከተፈ ሥጋና አትክልት ተሸፍኖ በፈላ ውኃ የሚቀቀል ምግብ ነው። ቅርጹ ድሮ እንደ ገንዘብ ያገለግል የነበረውን የብር ጥፍጥፍ ስለሚመስል የብልጽግና ምኞት ይታሰብበታል። የደቡብ ቻይና ሰዎች ለበዓሉ ከሩዝ ዱቄት የሚሠራ ኬክ ያዘጋጃሉ። በሰሜን ግን ያለ ጂያውዚ ዓመቱ ዞረ አይባልም።

ፍርዱ ከሊጡ ይጀምራል። ለግማሽ ኪሎ ዱቄት ሩብ ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውኃ ይበቃል፤ ታሽቶ፣ ተሸፍኖ ግማሽ ሰዓት ማረፍ አለበት። ያላረፈ ሊጥ ሲዳመጥ መልሶ ይሰበሰባል። ትልቁ ጥበብ ያለው መዳመጡ ላይ ነው። ቀኝ እጅ አጭሯን መዳመጫ ከጠርዝ ወደ መሐል ይገፋል፣ ግራ እጅ ሊጡን በየግፊቱ ያዞራል። መሐሉ ወፈር፣ ዙሪያው ሳሳ ያለ ክብ ይወጣል። መሐሉ የሚወፍረው ክብደቱን ስለሚሸከም ነው፤ ጠርዙ የሚሳሳው ሲገጠም ሁለት እጥፍ ስለሚሆን ነው። ስለዚህ የቀረበላችሁን ጂያውዚ ጠርዙን ብቻ ንከሱ። ጥርስ ሥር ጥሬ ሊጥ ካገኛችሁ፣ የዳመጠው ሰው ቸኩሏል። ተዳምጦ ተቆርጦ የሚሸጠው ሊጥ ይህን ፈተና አያልፍም፤ ከዳር እስከ ዳር አንድ ውፍረት ነው፣ ደረቅ ስለሆነም ካልተረጠበ አይገጥምም። ለሚያስቸኩል ቀን ይሁን፤ ለዋዜማ ግን አልቀበለውም።

ውስጡ ላይ ጀማሪን የሚያደናግር ነገር አለ። የቻይናው ጎመን ተከትፎ፣ ጨው ተነስንሶበት ውኃው እስኪወጣ ይጨመቃል፤ ሥጋው ደግሞ በተቃራኒው ውኃ ይጠጣል። ዝንጅብልና ምላስ የሚያደነዝዘው ሁዋጂያው የተባለ ቅመም የተዘፈዘፈበት ውኃ ጥቂት በጥቂት እየተጨመረ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይማሰላል። የጎመን ውኃ ካልተጨመቀ ራሱ ይወጣና ሊጡን ያበሰብሰዋል። ሥጋው የያዘው ግን እሳት እስኪነካው አይለቅም። በሚገባ የተሠራው ሲነከስ ጭማቂው አገጭ ያርሳል። ያልተማሰለው ደርቆ እንደ ጠጠር ይድቦለቦላል፣ ከሊጡም ተላቆ ለብቻው ይወድቃል። የመጀመሪያውን ያለ ኮምጣጤ ቅመሱት። ኮምጣጤው ያደምቃል እንጂ ጉድለት መሸፈኛ መሆን የለበትም። በጨረቃው አቆጣጠር በመጨረሻው ወር 8ኛው ቀን ኮምጣጤ ውስጥ የተነከረውና አረንጓዴ የሆነው ነጭ ሽንኩርት ሲቀርብላችሁም አትደንግጡ፤ አልተበላሸም፣ እንዲያውም የበዓሉ ጌጥ ነው።

ሥጋው አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ነው፤ የማይበላ ሰው አስቀድሞ ቢናገር ነውር የለውም፤ የበግ ሥጋ በካሮትም ይሠራል። ቲያንጂኖች ደግሞ ዓመቱ በሰላም እንዲያልፍ ሲመኙ የአዲሱን ዓመት የመጀመሪያ ቀን ሥጋ በሌለው ጂያውዚ ይጀምራሉ። የባቄላ ቡቃያ፣ ቶፉ፣ የሰሊጥ ልውስ ይገባበታል። ጾም ለለመደ ሰው ይህ የቤቱ ያህል ይቀርበዋል። ለእኔ ከሁሉም ከባዱ ሥራ እሱ ነው፤ ስህተት ቢኖር የሚሸፍን ስብ የለም።

ከእጥፉ ብዛት ግን አትማረኩ። ብዙ እጥፍ ለዓይን ያምራል፣ ጠርዙን ግን ያወፍራል። የቤቱ አያት፣ እኔም እንደ ልጅ ልጆቻቸው ናይናይ እላቸው ነበር፣ በሁለቱ አውራ ጣቶችና ጠቋሚ ጣቶች መሐል አንዴ ጨመቅ አድርገው ይለቁታል። ሆዱ ሞልቶ፣ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። መለኪያው ይኸው ነው፤ ጂያውዚ ሰው ሳይደግፈው መቀመጥ አለበት። ከማሽላ አገዳ በተሠራው ክብ ሰሌዳ ላይ የእሳቸው በተርታ ተቀምጠው ሳለ የእኔ ሦስቱ በጎናቸው ተኝተው ነበር። ናይናይ አንድ ቃል ሳይናገሩ አነሷቸው፣ ጠርዛቸውን ደግመው ጨመቁ፣ ከራሳቸው ጎን አስቀመጡ። ቴሌቪዥኑ ከ1983 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በየዋዜማው የሚተላለፈውን የቻይና ማዕከላዊ ቴሌቪዥን ትዕይንት ያሳይ ነበር፤ የሚመለከተው ግን አልነበረም።

ወደ እኩለ ሌሊት ውኃው ፈላ። ጂያውዚው እንደገባ በማማሰያው ጀርባ ከታች ገፋ ገፋ ይደረጋል፤ አለዚያ ድስቱን ይይዛል። ውኃው በገነፈለ ቁጥር ቀዝቃዛ ውኃ ይጨመርበታል፣ ሦስት ጊዜ። ሊጡ ሳይፈነዳ ውስጡ የሚበስለው በዚህ ነው። በዚያ ሌሊት አንዱ ቢከፈት እንኳ ተቀደደ አይባልም። «ዠንግ» ይባላል፤ ገንዘብ ማግኘት ማለትም ነው።

ሁሉም በልቶ ሲጠግብ ናይናይ የተቀቀለበትን ውኃ በጎድጓዳ ሳህን ቀድተው ሰጡኝ። ምግቡን የሚያዋሕደው የራሱ ውኃ ነው ይላሉ። ትኩስ ነበር፣ ነጣ ያለ፣ የስንዴ ሽታ ያለው። የእኔም ሦስቱ በዚያው ድስት ነበሩ። አንድም የዘይት ጠብታ አልተንሳፈፈበትም።