ፖዛውነ ስለሚባለው ስም

ትሮምቦን ሊማር የመጣ አንድ ወጣት፣ «ጋሼ፣ ጣሊያኖቹ ትሮምቦኔ ያሉትን ጀርመኖቹ ለምን ፖዛውነ አሉት?» ብሎ ቢጠይቀኝ፣ አብሮኝ የነበረ የሙያ ባልደረባዬ፣ ለነፊ የሚያስፈልገው ሰባቱን የመሳቢያ ቦታዎች ማወቅ እንጂ የስም ምርመራ አይደለም ሲል ጣልቃ ገባ፤ እኔ ግን የዚህ መሣሪያ ጠባይ ከመሳቢያው ይልቅ በስሙ ይገለጣል ባይ ነኝ።

ጣሊያኖች ቅርጹን አይተው «ታላቅ ጥሩምባ» ሲሉት፣ ጀርመኖች የወረሱት ከእርሱ በፊት የነበረውን ስም ነው። በሮማውያን ሰፈር የሌሊት ዘብ ሲለወጥ ይነፋ የነበረው ቡኪና የተባለ ቀንደ መለከት፣ በጥንታዊው ፈረንሳይኛ በኩል ወደ ጀርመን ተሻግሮ ቡዙነ ተባለ፤ በ1511 እ.ኤ.አ. በባዝል በታተመው የሰባስቲያን ፊርዱንግ መጽሐፍ «ቡዛውን» ተብሎ የተሣለው ግን ባለ መሳቢያው ነው፤ ቅርጹ ተለውጦ ሳለ፣ ስሙ የአዋጅ ነጋሪነትን ግብር ይዞ ቀረ ማለት ነው። በኋላም ማርቲን ሉተር መጽሐፍ ቅዱስን ሲተረጉም፣ እኛ የኢያሪኮ ቀንደ መለከትና የትንሣኤ ሙታን መለከት የምንላቸውን ሁለቱንም በዚሁ ስም ስለጠራቸው፣ ጀርመናዊ ምእመን የኋለኛይቱን ቀን ሲያስብ ፖዛውነ የሚሰማ ሆነ። ሞዛርትም በ1791 በጸሎተ ፍትሐቱ፣ የላቲኑ ንባብ «ቱባ» እያለ፣ ያንን ድምፅ ለአንድ ትሮምቦን ብቻ መስጠቱ ለእኔ ከዚህ ልማድ የተለየ ነገር አይደለም።

ስለዚህ ትሮምቦን ቃል ተናጋሪ ነው እላለሁ፤ ክንድን አስቀድሞ እስትንፋስን የሚያስከትል ትምህርትም አልቀበልም። ቤትሆቨን በ1812 በሊንዝ ለሙታን መታሰቢያ በዓል በአራት ትሮምቦን የደረሰው ዜማ፣ በ1827 በራሱ ቀብር ላይ በንስሐ መዝሙር ቃል ተስማምቶ፣ ትሮምቦኖችና መዘምራን እየተቀባበሉ አሰምተውታል፤ በናስና በሰው ጉሮሮ አንድ ዜማ ሲፈራረቅ ከዚህ የበለጠ ምን ምስክር ይፈለጋል?

የእኔም መምህር፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ መስመሩን በአፌ ሳልዘምር መሣሪያውን እንድገጣጥም አይፈቅዱልኝም ነበር፤ በቀብራቸው ዕለት እኛ አራት ደቀ መዛሙርታቸው ይህንኑ የሊንዝ ዜማ ስንነፋ፣ ኀዘን እጄን ቢያንቀጠቅጠውም እስትንፋሴ ያልተቋረጠው እርሳቸው ባስተማሩኝ መዝሙር ነው። ወጣቱም አሁን የአራተኛውን ትሮምቦን ድምፅ በቃሉ እየዘመረ ነው፤ መሳቢያውን የሚይዘው ሐረጉን በአንድ እስትንፋስ ሲያደርስ ነው።