ስለ ድምፅ ስፋትና ስለ ድምፅ ጣዕም

በዚች አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው የተነሣነው ጥያቄ በጓደኞቻችን መካከል ብዙ ጊዜ ክርክር ያስነሣ ነው። ይኸውም፣ አንድን ዘፋኝ ወይም ዘማሪ መልካም የሚያሰኘው ድምፁ ከታች እስከ ላይ የሚደርስበት ርቀት ነውን? ወይስ በደረሰበት ቦታ የሚሰጠው ጣዕም? የፊተኛውን «ስፋት»፣ የኋለኛውን «ጣዕም» እንበለው። ስፋትን መለካት ቀላል ነው። በሴኮንድ 440 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ 220 ጊዜ ከሚርገበገበው በአንድ ኦክታቭ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ በኦርጋን ፊት የተቀመጠ ሰው የማንንም ጉሮሮ ወሰን በ5 ደቂቃ ሊጽፍ ይችላል። ጣዕም ግን እንዲህ አይጻፍም። ክርክሩ ሁል ጊዜ ወደ ስፋት የሚያዘነብለው ስፋት ስለሚበልጥ ሳይሆን ስለሚቈጠር ይመስለናል።

ይህንንም የምንለው ከራሳችን ጥፋት ተነሥተን ነው። በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን ለመዘምራን ጓድ ተማሪዎች ሲመረጡ፣ ከፈታኙ ጎን ቆመን ቍጥሩን የምንጽፍ እኛ ነበርን። ከአንኮበር የመጣች አንዲት ልጅ ቀረበች። ድምፅዋ ወፈር ያለ፣ ከሥሩ ጥቂት ሻከር የሚል ነበር። ኦርጋኑ ከፍ እያለ ሲሄድ ከአንድ ኦክታቭ እምብዛም ሳታልፍ ቀረች። ለሶፕራኖም ለአልቶም አትበቃም ተብላ ስትመለስ እኛም በስምዋ ላይ ሰረዝ አደረግን። ከሁለት ዓመት በኋላ ለለቅሶ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሄድን ጊዜ፣ በድንኳኑ ውስጥ ሙሾ የምታወርደው ያችው ልጅ ሆና አገኘናት። የምትመላለስባቸው ድምፆች አራት ወይም አምስት ቢሆኑ ነው። በየስንኙ መጨረሻ ግን ድምፅዋን ወደ ደረትዋ ትመልሰውና ጥቂት ታቆየዋለች፤ ያን ጊዜ ሴቶቹ ማንም ሳያዛቸው ይቀበሏታል። አጠገባችን የነበሩ አንዲት እናት «ይች ልጅ አንጀት ትበላለች» አሉ። ከመዘምራኑ መካከል ከፍ ያለ ድምፁን እናደንቅለት የነበረው ጓደኛችን አብሮን ነበር፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ አለቀሰ።

የእኒህ እናት አነጋገር የብቻቸው አይደለም። አማርኛ ድምፅን ሲያመሰግን አንጀት ይበላል፣ ያባባል፣ መረዋ ነው ይላል፤ ሲነቅፍም ሰላላ ነው፣ ጎርናና ነው ይላል። ስንት እርከን ወጣ የሚል ምስጋና ግን ሰምተን አናውቅም። መረዋ ደወል ነው። አንድ ደወል ያለው ድምፅ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። እንግዲህ «ድምፀ መረዋ» የሚለው ትልቅ ምስጋና ምንም ስፋት ከሌለው ነገር የተወሰደ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልን።

የሕዝብ አነጋገር ማስረጃ አይሆንም የሚል ቢኖር ወደ ሊቃውንቱ እንሂድ። ለደብረ ብርሃን ቅርብ የሆነው ተጉለት፣ እንደ ቤተልሔም፣ እንደ ቆማና እንደ አጫብር ሁሉ በስሙ የሚጠራ የድጓ ዜማ ስልት አለው። ትውፊቱ ከአዛዥ ጌራና ከአዛዥ ራጉኤል ጋር የሚያያይዛቸው የዜማ ምልክቶች ስምንት ናቸው፤ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደትና ቍርጥ። ይዘት ድምፁን ያዘው ይላል፤ ርክርክ አንቀጥቅጠው፤ ሂደት ሳትቆም ሂድ፤ ቍርጥ ቍረጠው፤ ደረት ወደ ደረትህ አውርደው ይላል። ድፋት በእርግጥ ስለ መውረድ ይናገራል፤ ነገር ግን ስንት እርከን እንደሚወረድ አይናገርም። በዶ ሬ ሚ ለተማርነው ለእኛ ይህ በመጀመሪያ ጉድለት መስሎ ታይቶን ነበር። ቈይተን ስናስበው ግን፣ የኛ ኖታ የሚነግረን ድምፁ የት እንደሚቆም ሲሆን፣ ምልክቱ የሚነግረን እዚያ ቆሞ ምን እንደሚያደርግ ነው። የት እንደሚቆምማ ተማሪው ከመምህሩ አፍ ይቀበለዋል።

የዜማ መሣሪያዎቻችንም ይህንኑ ይመሰክራሉ። በተለመደው አኳኋን የተቃኘ ባለ ስድስት አውታር ክራር አምስቱን የቅኝት ድምፆችና የአንዱን ኦክታቭ ይይዛል፤ በ2004 ዓ.ም ያረፈችው አስናቀች ወርቁ በዚህ ጠባብ ግቢ ውስጥ ስትቀልድም ስታዝንም ጠበበኝ አላለችም። በገና ዐሥር አውታር ቢኖረውም ሁሉም አይመታም፤ ጌጡ ከአውታሩ ሥር የሚገባው እንዚራ የተባለው ቍርበት የሚሰጠው ንዝረት ነው። ዓለሙ አጋ ሲደረድር ድምፁ ከንግግር እምብዛም አይርቅም፤ አድማጩ ግን ትንፋሹን ይሰበስባል።

ይሁን እንጂ ስፋት ከንቱ ነው ብለን ብንደመድም ጥላሁን ገሠሠ (1933–2001 ዓ.ም) ይቃወመናል። ጥላሁን በክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ፊት፣ በነሐስ መሣሪያዎች መካከል የዘፈነ ሰው ነው፤ ከፍ ማለትም ያስፈልገው ነበር። ግን እኛን የሚያስደንቀን ከፍ ማለቱ ብቻ አይደለም፤ ከፍ ብሎም ቃሉ አለመሰበሩ ነው። ከመሣሪያ ብዛት በላይ መሰማት ራሱ የስፋት ሥራ አይደለም። ስዊድናዊው ዮሃን ሱንድበርግ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የኦፔራ ዘፋኞችን መርምሮ እንዳሳየው፣ ኦርኬስትራ ጉልበቱን በሴኮንድ 500 ርግብግብ አካባቢ ሲያከማች የሠለጠነ ዘፋኝ 3,000 አካባቢ ተጨማሪ ጉልበት ያገኛል፤ ይህም ከጉሮሮና ከአፍ አያያዝ የሚመጣ የጣዕም ወገን ነው። በውጭው ዓለም ፔሩዊቷ ኢማ ሱማክ ከአራት ኦክታቭ በላይ ይደርሳል በተባለ ድምፅዋ ስትደነቅ፣ አሜሪካዊቷ ቢሊ ሆሊደይ ከአንድ ኦክታቭ ብዙም በማያልፍ ድምፅ ዘፍናለች፤ ዛሬ ዘፋኞች ይበልጥ የሚማሩት ከየትኛዋ እንደ ሆነ ለአንባቢ እንተወዋለን።

ይህን ሁሉ ያነሣነው በቴሌቪዥን በሚቀርቡ የድምፅ ውድድሮች ጭብጨባው የሚፈነዳው ድምፁ ወደ ላይ ሲወጣ መሆኑን ስለምናይ ነው። በደብረ ብርሃን ሠርግ ቤቶችም ወጣቶች ዘፈኑን ከአቅማቸው በላይ ጀምረው በመካከሉ ሲያንቃቸው፣ በማይክሮፎን ብዛት ሲሸፍኑት ሰምተናል። አዝማሪው ግን መሰንቆውን በጉሮሮው ልክ ቃኝቶ ይጀምራል።

ስለዚህ በኮሌጃችን የመዘምራን ጓድ በመጪው ጊዜ ሲመረጥ ኦርጋኑ ለመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ተዘግቶ ይቈይ፤ ተፈታኙም በመረጠው ቅኝት፣ በመረጠው ከፍታ የሚያውቀውን ያዚም፤ ቍጥሩ ከዚያ በኋላ ይጻፍ ብለን እናሳስባለን። ያችን የአንኮበር ልጅ ለናሙና ብንጠራት ትመጣ እንደ ሆነ አስጠይቀን ነበር። በሠርጉም በለቅሶውም ስለምትፈለግ ጊዜ የላትም አሉን።